ላልሞተ ሰው የወጣ ሰደቃ

ከዱንግሳሪ፣ ሐሙስ፣ ለጊ በሚባለው የገበያ ቀን
ኦገስት 9፣ 2018

ለካንግ ሳሪሚን፣

«ውድ» ብዬ ልጀምር ብዕሬን አነሳሁና እጄ እምቢ አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት አንድ መስመር ላልጻፈ ሰው ያ ቃል ይባክናል። ካንግ ይበቃሃል፤ እሱንም የምልህ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ጠዋት ጠዋት ጉልበቴ አልታዘዝ ይለኛል፣ ፀሐይ ሲሞቀው ይታዘዛል። ጥርሴ ግን ሙሉ ነው፤ ይህን የምነግርህ የሚናከስ ሰው ሚስትህ እንደሆነ እንዳትረሳ ነው።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ እርሻው ላይ አብሮህ የሚሠራው ፓይራን ነው። ስልክ ቁጥርህንም ሰጥቶኛል፤ ካላችሁበት ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ሲወጣ ኔትወርክ ይገኛል ብሎኛል። አልደወልኩም። ድምፅህን ከሰማሁ እሳደባለሁ፣ መሳደብ ከጀመርኩ ደግሞ ዋናው ነገር ይቀራል። ወረቀት ይሻላል፤ መልስ አይሰጥም።

ዋናው ነገር ይኸውልህ። ባለፈው ወር ሞተሃል። ሰደቃህም ወጥቷል፤ አርባ ሰው በልቶ ሄዷል።

የሞትክበትን ምክንያት ከሥሩ ልንገርህ። ከሁለት ወር በፊት ቀያሾች ይመጣሉ፣ የመንደሩ መሬት ሁሉ ይለካል፣ ለየባለቤቱም ደብተር ይሰጠዋል ተባለ። ወሬው በተሰማ ማግስት ሰው ሁሉ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ማሳው ወረደ። ሊሠራ እንዳይመስልህ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአያቶቻችን ጀምሮ ቀጥ ብሎ የኖረው ድንበር ሁሉ እንደ እባብ ተጣመመ። ጠዋት መስጊድ ጎን ለጎን ቆመው ይሰግዳሉ፤ ከሰዓት በኋላ አንዱ የሌላውን ችካል ይነቅላል። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሁለት ወንድማማቾች፣ አባታቸው ሲቀበር ተቃቅፈው ያለቀሱት፣ ለአንድ የኮኮናት ዛፍ ተካሰሱ። አንዱ ሥሩ በእኔ ነው ይላል፤ ሌላው ፍሬው የሚወድቀው በእኔ ነው ይላል። ዛፉ እኮ ፍሬ መስጠት ካቆመ አምስት ዓመቱ ነው። ስንዝር ጭቃ ለማግኘት እነዚህ ሰዎች ነፍሳቸውንም ይሸጡ ነበር፤ ግን ማን ይገዛቸዋል?

ሹሙስ ብትል፣ ሹማችን ዳርማጂ ነው። አዎ፣ ያው አንተ የምታውቀው፣ ለሠርግ ድምፅ ማጉያ የሚያከራየው ዳርማጂ። አሁን ፓ ሉራህ ይባላል፣ ቢሮው ውስጥም ጥቁር መነጽሩን አያወልቅም። ሰሞኑን ለነጻነት በዓል አጥራችሁን ሁሉ ቀይና ነጭ ቀቡ ብሎ አዟል። ጣራቸው የሚያፈስ ቤቶች አጥራቸው እንደ ሙሽራ ተኳኩሎልሃል።

እኔም እንደ ሰው የማሳችንን ወረቀት ይዤ እሱ ዘንድ ሄድኩ። አየና ራሱን ነቀነቀ። ማሳው በአንተ ስም ብቻ ነው፤ ወይ ራስህ መጥተህ ትፈርማለህ፣ ወይ የሞት ወረቀትህ ይመጣል፤ ሌላ መንገድ የለም አለኝ። የለም ያለው ሁሉ እውነት ነበር፣ እሱ ነው ያናደደኝ። ያን ማሳ ለመግዛት ሦስት ዓመት ከወንዙ ድንጋይ በጀርባዬ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። አንተም በትከሻህ ተሸክመሃል፣ አልክድህም። የእናቴ የጆሮ ወርቅ የገባው ግን እዚያ ጭቃ ውስጥ ነው። የግዢው ቀን ጸሐፊው ስምህን ጻፈና «የሚስት ስም ምን ያደርጋል፣ ባልና ሚስት አንድ አይደሉ?» አለ። እኔ ጅሏ ደግሞ ደስ አለኝ። እስከ ቤት ድረስ ደስ እንዳለኝ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ወንድምህ ዋጊሙን መጣ። አራት ዓመት ደጄን ያልረገጠ ሰው ስኳርና ሻይ ቅጠል አንጠልጥሎ መጣ። ቤቱን አላየህለትም። ፊት ለፊቱን በሰማያዊ ሸክላ ለብጦታል፣ አራት ወፋፍራም ዓምድ አቁሞለታል፣ እንደ አውራጃ ገዢ ቤት። በጓሮ በኩል ስትዞር ግድግዳው ያው የቀርከሃ ሰሌን ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ሚስቱ ፕላስቲክ ትወጥርበታለች። ሰውየውም እንደ ቤቱ ነው።

ሻዩን ሁለቴ አስቀድቶ ከጠጣ በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። አሥራ ሁለት ዓመት ድምፁ ያልተሰማ ሰው ሞቷል ማለት ነው አለኝ። ሞቷል ብለን ብንፈርም፣ ልጅ ስለሌላችሁ ማሳው ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ለእኔ፣ ግማሹ ለአንቺ፤ ፓ ሉራህም ተስማምቷል አለ። የትኛው ግማሽ ለማን እንደሆነ ስጠይቀው ዓይኑን ወደ ጣራዬ ሰቀለ። የላይኛው፣ ውኃው ከቦይ የሚገባበት ለእሱ፤ የታችኛው፣ እሱ ጠጥቶ የተረፈውን የሚጠጣው ለእኔ።

እኔስ ምን አልኩ? እሺ አልኩ። ሌላውን ሁሉ እንደምሰድብ ራሴንም አልምርም። ደክሞኝ ነበር። ደብተር ያለው ግማሽ ማሳ ደብተር ከሌለው ሙሉ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። አንተ ደግሞ በእውነት ሞተህ ይሆናል፣ ማን ያውቃል ብዬ አሰብኩ። እንዲያውም ሞቶ ቢሆን ይሻላል፣ የሞተ ሰው ቢያንስ የማይጽፍበት ምክንያት አለው አልኩ።

እንግዲህ መንደሩ ያለ ሰደቃ ሞት አያምንም። ዋጊሙን ሰደቃው በእሱ ቤት ይሁን አለ፣ ዓምዶቹ እንዲታዩለት። ቀኑ ለዓርብ፣ ከአስር ሶላት በኋላ ተቆረጠ።

ማክሰኞ ፓይራን መጣ። ሁለት ዓመት ባሕር ማዶ፣ ካሊማንታን ደሴት፣ የፓልም እርሻ ላይ ቆይቶ እናቱን ሊጠይቅ ነው የመጣው፤ ስለ ሰደቃው ገና አልሰማም። በሩ ላይ ቆሞ፣ እንደ ታላቅ እህት ጠርቶኝ፣ «ዩ ላሲየም፣ ካንግ ሳሪሚን ሰላም ብሎሻል» አለኝ። ከዚያ ቶሎ ብሎ «ሰላም እንኳ አላለም፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት» አለ። መዋሸት እንኳ የማይችል ፍጡር ነው። አስገብቼ ሻይ ሰጠሁትና ሁሉንም አስለፈለፍኩት። የፓልም ዘለላ እግርህ ላይ ወድቆ እንደምታነክስ። እዚያ አብራህ የኖረችው ሴትዮ ከሁለት ዓመት በፊት በወባ እንደሞተችብህ። ሁለት ሴት ልጆች እንዳሉህ፣ ዘጠኝና ሰባት ዓመታቸው። ትልቋ በርጩማ ላይ ቆማ ሩዝ እንደምትቀቅል፣ ቁመቷ እስከ ድስቱ ስለማይደርስ።

ልጅ አልወለድሽም ብለህ ሄድክ። አላልክም በእርግጥ፣ ሥራ ፍለጋ ነው ያልከው። እኔ ግን ጆሮ አለኝ።

ፓይራንን ሻይህን ጨርስና አፍህን ዝጋ አልኩት። እሱም ጮክ ብሎ ለተናገረው ሁሉ የሚታዘዝ ሰው ነውና ዘጋ። እኔም ዘጋሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ዘጋሁ። ሐሙስ ዕለት ከሴቶቹ ጋር ቁጭ ብዬ ለአፔም ቂጣ የሩዝ ዱቄት አቦካሁ፤ ባሌ በሕይወት እንዳለ እያወቅሁ ለነፍሱ ዱቄት አቦካሁ። የዋጊሙን ሚስት እጄን ይዛ አለቀሰች። ደህና አድርጋ አለቀሰች፤ የላይኛው ማሳ ምን ምን እንደሚያበቅል አስቀድማ አስባበታለች።

ዓርብ ወንዶቹ መጥተው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ዋጊሙን ለአርባ ሰው ሁለት ዶሮ አርዶ ነበር። በሙሉ ቁመናቸው አጋድሞ መሀል ላይ አስቀመጣቸው፣ ሁሉም እንዲያያቸው፤ ሲቆራረጡ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጣት የምታህል ናት። ሞዲኑ፣ ሬሳችንን ሁሉ የሚገንዘውና የሚቀብረው ሽማግሌ፣ የቁርኣኑን አንቀጽ ሲያነብ መጀመሪያ ረጋ ብሎ ነበር፤ የዶሮው ሽታ ሲደርሰው ፈጠን አለ። ከዚያ፣ ቀብር ስላልነበረ፣ በቀብር ላይ የሚጠየቀውን እዚሁ እጠይቃችኋለሁ አለ። ሟቹ ምን ዓይነት ሰው ነበር?

«ጥሩ ሰው ነበር» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

እኔ ትሪ ይዤ የማድቤት በር ላይ ቆሜያለሁ። አየኋቸው። አንተ በሄድክ ሰሞን «ያ ውሻ ትቷት ሄደ» እያለ በየሱቁ ያስቅ የነበረው ጎረቤታችን፣ ጥሩ ሰው ነበር አለ። የአንተን ዶማ ተውሶ ያልመለሰው፣ ጥሩ ሰው ነበር አለ። ዳርማጂ ከመነጽሩ ጀርባ ጥሩ ሰው ነበር አለ። ወንድምህማ ከሁሉ በላይ ጮኸ። ሞዲኑ ሁለተኛ ጠየቀ፤ ሁለተኛ መለሱ። እንደ ልማዱ ሦስተኛ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት፣ እኔ ሳላስበው ቀደምኩት።

«ጥሩ ሰው አልነበረም» አልኩ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሴት በዚያ ሰዓት እንደማትናገር አውቃለሁ። ሞዲኑ በቀስታ፣ ሐዘን ነው፣ ተረጋጊ ልጄ አለኝ።

«ሐዘን አይደለም አባቴ። አልሞተም። ካሊማንታን ነው ያለው፣ እግሩን ያነክሳል። ፓይራንን ጠይቁት፣ ያውና ዓምዱ ሥር አፔም እየበላ ነው።»

ፓይራን ቂጣውን ሳያኝክ ዋጠው። አርባ ሰው ዞሮ ሲያየው ለማልቀስ ምንም አልቀረው። «አዎ» አለ።

ወንድምህ ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። መጀመሪያ አብዳለች አለ። ማንም እሺ ሲል ባያይ ወደ እኔ ዞሮ ሦስት ቀን ሙሉ ለምን ዝም አልሽ አለኝ። ያን ቀን ከተጠየቀው ሁሉ ትክክለኛው ጥያቄ ያ ብቻ ነበር፤ መጠየቅ የማይገባው ሰው ጠየቀው እንጂ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታይ አንተም ትስቅ ነበር። ማንም ስለ እኔ አላሰበም፣ ስለ አንተም አላሰበም፤ ዓይናቸው ሁሉ ወደ ቤታቸው የሚወስዱት የምግብ ቅርጫት ላይ ነበር። ላልሞተ ሰው የወጣ ሰደቃ ይወሰዳል ወይስ አይወሰድም? አንዱ ነውር ነው አለ፤ ሌላው መጣልም ነውር ነው አለ። በመጨረሻ ዳርማጂ ተነሣና እንግዲያው ዱዓው ለረጅም ዕድሜው ይሁን አለ። እንዴት ያለ አሜን አሉ መሰለህ! ቅርጫቱን ሳይዝ የወጣ አንድ ሰው የለም። ፓይራን እንኳ ይዞ ወጣ።

በማግስቱ ዋጊሙን ደጄ መጣ። ስኳር አልያዘም። ሳይቀመጥ፣ «ግማሽ ይኖርሽ ነበር» አለኝ። «አሁን ምንም የለሽም። ትቶሽ ለሄደ ሰው፣ ለማን ብለሽ ነው?»

«የሞተ ሰው አይሰደብም» አልኩት። «እኔ ደግሞ ገና አልጨረስኩም።»

ሄደ። እስከ አሁን መንገድ ላይ ስንገናኝ ወደ ቦዩ ዞሮ ያልፋል። ሴቶቹም ውኃ ስቀዳ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ቤቴ ሰው ከመጣ ስንት ጊዜው! አልተጎዳሁም፤ ከእነሱ ወሬ የእንቁራሪት ጩኸት ይሻለኛል።

ቀያሾቹ መጥተው ሄዱ። ሁለት ወጣቶች ነበሩ፣ ነጭ ጫማ አድርገው፣ ሦስት እግር ያለው መሣሪያ ተሸክመው። አንዷ ድንበራችን ላይ ተንሸራታ እስከ ወገቧ ጭቃ ገባች፤ ያን ዕለት መንደሩ ያገኘው ንጹሕ ደስታ ያ ብቻ ነው። ልጅቷ ግን ደህና ሰው ናት። ጭቃዋን እያጠብኩላት ጉዳዬን ነገርኳት። እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ባልሽ መታወቂያውን ይዞ ራሱ ከመጣ በሁለታችሁም ስም ይጻፋል አለችኝ። በሁለታችሁም ስም ያለችውን ደግማ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። ደገመችልኝ። ካልመጣ ግን ማሳው ባለቤቱ የጠፋ ተብሎ ይቀራል። ወንድምህ ማመልከቻውን ከወዲሁ አስገብቷል።

ስለዚህ ና። የምጽፍልህ ለዚህ ብቻ ነው። መጥተህ ፈርም። ከፈረምክ በኋላ ብትሄድ እግርህን የሚይዝ የለም፤ ያም እግር ካነከሰ ወዲህ ሩቅ የሚያደርስህ አይመስለኝም። መታወቂያህ ጊዜው አልፎ እንደሆነ እዚያው አሳድሰው፤ እዚህ መጥተህ ረሳሁ እንዳትለኝ። ስትረሳ እንዴት እንደምትክለፈለፍ አውቃለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ቢያልፍም አይጠፋኝም።

ልጆቹን ለማን ትተህ እንደምትመጣ አላውቅም፣ የእኔም ጣጣ አይደለም። ግን የሰባት ዓመት ሕፃን የፓልም ዛፍ ሥር ብቻዋን አትተውም። አንተ ሰው መተው ይቀልሃል፤ እነሱን ግን እንዳታደርግ። ይዘሃቸው ና። የልደት ወረቀታቸውንም ያዝ፣ ስማቸው በደንብ የሚነበበውን። የመንደሩን ጸሐፊ ጠይቄዋለሁ፤ ከእኔና ከአንተ በኋላ ማሳው ለልጆችህ ሊያልፍ ይችላል ብሎኛል። የእኔ ድርሻም ቢሆን በቁሜ እያለሁ ከፈረምኩላቸው ያልፋል። ወድጃቸው እንዳይመስልህ። አላውቃቸውም። ዋጊሙን እጅ ከሚገባ ብዬ ነው። በዓምዶቹ መሀል ቆሞ የሁለት ሴት ልጆች ስም በማሳው ላይ ሲያነብ ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ፤ ለእሱ ስል ብዙ ነገር እችላለሁ።

ጣራውንም አደስኩት፣ የጎን ክፍሉን ማለቴ ነው። ያፈስ ነበርና የግድ ነበር። አልጋው ጠባብ ነው ግን ሁለት ልጅ ይይዛል። ትምህርት ቤቱ ዘንድ ሳልፍ መምህርቷን አገኘኋትና ዓመቱ ቢጀመርም ልጅ ትቀበላላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። እንዲያው ለወሬ ነው። እንቀበላለን አለች። ትልቋ እዚህ ስትመጣ በርጩማ ላይ እየወጣች እሳት ዳር እንዳትቆም፤ በእኔ ቤት ሩዝ የምቀቅለው እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሴትዮዋ ስትቀበር ሰደቃ እንዳልወጣላት፣ ከእርሻው ዳር በሠራተኞች እጅ ተቀብራ እንደቀረች ፓይራን ነገረኝ። ስንት ነገር ስትረሳ ይህንንም ረሳኸው። ባለፈው ዓርብ ሩዝ ቀቅዬ፣ የራሴን ዶሮ አርጄ፣ ሞዲኑን ጠራሁት። ሌላ ሰው አልጠራሁም፤ ይህ መንደር በእሷ ስም እንዲበላ አልፈለግሁም። ስሟን ነገርኩት። አንቀጹን ሊጀምር ሲል ቀና ብሎ አየኝና «ምንሽ ናት?» አለኝ።

«ዝም ብለው ያንብቡ» አልኩት።

አላህ መንገዱን ያቅናላችሁ፣ ባሕሩንም ያርጋላችሁ። ትንሿን መርከብ ላይ እጇን አትልቀቅ።

ላሲየም